የፈትለወርቅ አዲስ አሮጌ እምነት

ተማሪ ያለው መንደር ሁሉ አንድ እንዲህ ያለ ልጅ አያጣም። ሌላው ተማሪ ለበዓል ወደ ቤቱ ሲመለስ ያደፈ ልብስና የተራበ ሆድ ይዞ ይመጣል፤ ይኸኛው ግን አዲስ እምነት ይዞ ይመጣል። እናቱ እግሩን አጥባ ሳትጨርስ፣ እስከ ዛሬ የኖረችው ኑሮ ሁሉ ስህተት እንደነበረ ያስረዳታል። ስህተቱን የሚያርመውም እሱው ነው፤ ያውም በዓሉ ሳያልፍ።

ከወገዳ ወዲህ ባለችው በነአቶ ጓዴ መንደር ይህ ሹመት የልጃቸው የፈትለወርቅ ነበር። ፈትለወርቅ መካነ ኢየሱስ ከተማ አክስቷ ዘንድ ተቀምጣ ስምንተኛ ክፍል የምትማር፣ ቁመቷ አጭር፣ ጥያቄዋ ረጅም ልጅ ናት። ፊደል ያስቆጠሯትም ዳዊት ያስደገሟትም የቤተሰቡ ንስሐ አባት ቄስ ገብረ ሥላሴ ናቸው። ስለዚህ መንደሩ በእሷ ነገር በተቸገረ ቁጥር ጣቱን የሚቀስረው ወደ እሳቸው ነበር። «የለከፏት እርስዎ ነዎት» ይሏቸዋል። እሳቸውም «እኔ ያስተማርኋት እስከ ዳዊት ነው፤ ከዚያ ወዲያ ያለውን መንግሥትን ጠይቁ» ብለው ያመልጣሉ።

በመጀመሪያው ዓመት ይዛው የመጣችው እምነት ጀርም የሚባል ነበር። በዓይን የማይታይ፣ በሁሉም ስፍራ ያለ፣ ያላመነበትንም የሚቀጣ። ቄስ ገብረ ሥላሴ ነገሩን ሲሰሙ ከሚያውቁት ብዙም የራቀ ስላልመሰላቸው አልደነገጡም። የደነገጡት እሑድ ከቅዳሴ በኋላ ጠበል ሊያጠጧት ሲሉ፣ ሊቀ ጠበብት ፈትለወርቅ እጇን ወደ ኋላ አጣምራ «የኔታ፣ አፍልተው ይስጡኝ» ያለቻቸው ዕለት ነው።

በሁለተኛው ዓመት የእንስሳት ጠበቃ ሆና መጣች። አባቷ ያን ሁሉ ጾም ጾመው፣ ቢላዋ ስለው የፋሲካውን በግ ሲጎትቱ፣ አንገቱን አቅፋ «እሱም እንደኛ እናት አለው!» ብላ ልቅሶ ጀመረች። በጉ ታረደ። ቤተሰቡም እያዘነ በላ፤ ማዘኑ ግን መብላቱን አልቀነሰውም። እሷ እስከ ማክሰኞ ድረስ ጸናች። ማክሰኞ ጓዳ ውስጥ ቅልጥም ስትግጥ ተገኝታ ብትጠየቅ፣ «ሕጉን እየመረመርሁ ነው» አለች።

ይህን ሁሉ መንደሩ ሳቀበት። የሦስተኛው ዓመት ግን ለሳቅ አልተመቸም።

በዚያ ፋሲካ ያመጣችው እምነት ስሙ ራሱ ለምላስ እንግዳ ነበር። «ዊካ ይባላል» አለች። ፈረንጅ አስተማሪዋ እንደነገረቻት፣ በእንግሊዝ አገር አንዳንድ ወጣቶች ወደ ቅድመ አያቶቻቸው እምነት ተመልሰናል ብለው ተነሥተዋል። ጨረቃ ስትሞላ እጅ ለእጅ ተያይዘው ክብ ይሠራሉ። ዛፍ ያከብራሉ፣ ምንጭ ይሳለማሉ፤ ከሚበሉትና ከሚጠጡት ቀንሰው ለምድር ይሰጣሉ። ጸሎቱን የምትመራውም ሴት ናት። ሕጋቸው አንድ ብቻ ነው፤ ማንንም ሳትጎዳ የወደድኸውን አድርግ ይላል።

«ይኸ እኮ ጥንታዊ ነው!» ትላለች ፈትለወርቅ ዓይኗ እያበራ። «ፈረንጆቹ እንኳ ደርሰውበታል!»

ቄስ ገብረ ሥላሴ በትዕግሥት ሰሙ። «ጨረቃን ነው የሚያመልኩት?»

«ያከብሯታል፣ የኔታ።»

«እሷስ ምን ትላቸዋለች?»

ፈትለወርቅ ትንሽ አሰበች። «እሱን ገና አልደረስንበትም።»

ደቀ መዝሙርም አላጣች። የጎረቤቷ ልጅ ስንዱ፣ የትምህርት ቤት ደጅ ረግጣ የማታውቀዋ፣ «ሴት ትመራዋለች» የሚለውን ቃል እንደሰማች ወዲያው አመነች። ችግሩ ሁለት ሰው እጅ ለእጅ ቢያያዝ ክብ አይወጣውም። ስለዚህ የስንዱ ጥጃ ተጨመረች። አንድ ቀን አመሻሽ ላይ፣ ጨረቃዋ ከጋራው ብቅ ስትል፣ ሁለቱ ልጆችና ጥጃዋ ከመንደሩ በላይ ያለውን ትልቁን ወይራ ይዞሩ ጀመር። ያገሩ አድባር የሚባለው ይኸው ወይራ ነው። ሦስተኛውን ዙር ሳይጨርሱ ወይዘሮ አማረች አዩአቸው።

ወይዘሮ አማረች በዚያ ሰዓት እዚያ ምን ይሠሩ እንደነበር የጠየቃቸው አልነበረም። እሳቸው ግን ያዩትን ለሁሉ ተናገሩ። ወሬው በመንደሩ ሲዳረስ ልጆቹ በዙ፤ ጥጃዋም ቀንድ አበቀለች፤ ወሬው ወንዝ ማዶ ሲደርስ ጥጃዋ ትናገር ነበር አሉ።

አቶ ጓዴ ክፉ ሰው አይደሉም። ግን ስም አላቸው፣ ሌሎችም የሚዳሩ ሴቶች ልጆች አሏቸው። የአቶ ንጉሴ ቤት ደግሞ ፈትለወርቅን ለልጁ ከጠየቀ ሰንብቷል። የበዓሉ ዕረፍት አልቆ ሌሎቹ ተማሪዎች ወደ መካነ ኢየሱስ ሲመለሱ፣ የእሷን ስንቅ ከጓዳ የሚያወጣው ጠፋ። የስምንተኛ ክፍል ፈተና ደግሞ ከደጅ ቆሟል። አቶ ጓዴ ቄሱ ቤት ሄደው ጋቢያቸውን አጣፍተው ቆሙ።

«አባ፣ እኔ የእርስዎን ቃል እሰማለሁ። ክርስትናዋ ካልጠፋ ትሂድ፣ ትፈተን። ጠፍቶ እንደሆን ግን ከኔ ቤት የምትወጣው ወደ ባሏ ነው። በግንቦት ልደታ ማግስት የንጉሴን ሽማግሎች እቀበላለሁ።»

ቄስ ገብረ ሥላሴ ልጅቱን ቤተ ክርስቲያኑ ቅጥር አጠገብ አስጠሯት። ነገሩን በአጭሩ ሊጨርሱት አስበው ነበር።

«ልጄ፣ ትቼዋለሁ በይ። አንዲት ቃል ናት።»

«አልተውኩትማ፣ የኔታ። ያልተውኩትን ትቻለሁ ብል ሐሰት ነው። በሐሰት አትመስክሪ ያሉኝ እርስዎ ነዎት።»

ማስተማር ምን ያህል አደገኛ ሥራ እንደሆነ ቄሱ ያን ዕለት ገባቸው። «ታዲያ ዛፉን ታመልኪዋለሽ?»

«እንጃ። እየጠየቅሁ ነው።»

ፈርታለች። የአቶ ንጉሴን ልጅ ጠልታው አይደለም፤ ጭራሽ አታውቀውም። የምታውቀው ክፍሏን፣ አግዳሚዋንና ያልጨረሰችውን ነገር ነበር። ያመነ ይታወቃል፣ የካደም ይወገዛል፤ እየጠየቀ ያለ ሰው ምን ይባላል? ቄስ ገብረ ሥላሴ ፍትሐ ነገሥቱን በልባቸው ቢያገላብጡ እንዲህ ያለ አንቀጽ ትዝ አላላቸውም።

የሽማግሎች አለቃ የሆኑት ግራዝማች አንዳርጌ ግን ነገሩ በአደባባይ እንዲታይ ቆረጡ። «ሰው ሁሉ በሚሰበሰብበት፣ በግንቦት ልደታ ዕለት፣ ወይራው ሥር ይታይ» አሉ። ይህ ቀጠሮ ሲቆረጥ ከነበሩት ሽማግሎች አንዱንም ምንም ነገር አልከነከነውም። ቄሱንም ጭምር።

ግንቦት አንድ ቀን የእመቤታችን ልደት ነው። መንደሩ ቤቱን ዘግቶ ወጥቶ ወይራው ሥር ይሰፍራል፤ ንፍሮ ይቀቀላል፣ ጠላ ይወርዳል። እመቤታችን በሊባኖስ ተራራ ስትወለድ ቤተ ዘመዶቿ ከደጅ ሆነው ንፍሮ በልተዋልና፣ ይህ የዚያ መታሰቢያ ነው ይላሉ ካህናቱ። የወይራው ግንድ በዚያ ቀን ለምን ቅቤ እንደሚቀባ የሚያስረዳ መጽሐፍ ግን ቄስ ገብረ ሥላሴ እስከ ዛሬ አላገኙም፤ ፈልገውም አያውቁ።

ሕዝቡ ዙሪያውን ተቀመጠ። ፈትለወርቅ ነጠላዋን አደግድጋ መካከል ቆመች። አባቷ አንገታቸውን ደፍተዋል። ግራዝማች አንዳርጌ ከመቀመጣቸው በፊት እንደ ወትሮው ቅቤ ቀረበላቸው። በጣታቸው ዝቀው ግንዱን ቀቡት። ከጠላውም ቀንሰው ሥሩ ላይ አፈሰሱና እጃቸውን ዘረጉ።

«ያገራችን አድባር፣ ከክፉ ሰውሪን! ዝናሙን በወቅቱ አድርጊልን! ፍርዳችንን አቅኚልን!»

«አሜን!» አለ ሕዝቡ።

ግራዝማች ተቀመጡ። በጣታቸው የተረፈውን ቅቤ በአናታቸው ጠረጉና ድምፃቸውን አከበዱት። «አንቺ ልጅ፣ ዛፍ ታከብሪያለሽ ተብለሽ ተከሰሻል። ምን ትያለሽ?»

ፈትለወርቅ አየቻቸው። ቅቤውን አየች፤ ሥሩ ላይ የራሰውን አፈር አየች፤ ሰው ሁሉ ክብ ሠርቶ እንደተቀመጠ አየች። በየዓመቱ እዚሁ ንፍሮ እየቃመች ያደገችበትን ነገር ያን ዕለት ገና አየችው። ከዚያ ፊቷ በደስታ በራ።

«ግራዝማች! እርስዎም ነዎት እንዴ?»

ማላገጧ አልነበረም። ዘመድ ያገኘች መስሏት ነው። ነገሩን ያከበደውም ይኸው ነበር።

«ምን ማለትሽ ነው?» አሉ ግራዝማች። «ይኸ ሌላ ነው! ይኸ ወግ ነው!»

«ልዩነቱ ምንድን ነው?»

ግራዝማች አንዳርጌ ወደ ቄሱ ዞሩ። ቄስ ገብረ ሥላሴ ወደ ንፍሮው ዞሩ። ይህን ጊዜ ወይዘሮ አማረች ነገሩ ሊበላሽ መሆኑን አይተው ብድግ አሉ። «እኔ በዓይኔ በብረቱ አይቻታለሁ! ግንዱን እየነካካች ስትዞር!»

«እርስዎስ እትዬ፣ በዚያ ምሽት ቅቤ ይዘው ምን ያደርጉ ነበር?» አለች ስንዱ ከሴቶቹ መካከል።

«ላሜ አልይዝ ብላኝ ነዋ!»

የራሷ እያረረባት የሰው ታማስላለች የሚል ድምፅ ከኋላ ተሰማ፤ ሕዝቡም በሳቅ ፈረሰ። አቶ ጓዴ ግን አልሳቁም። ተነሥተው ወደ ቄሱ ቀረቡ።

«ሳቁን ተዉት። ነገ ሽማግሎች ደጄ ይመጣሉ። አባ፣ ልጄ ክርስቲያን ናት ወይስ አይደለችም?»

ሳቁ ቆመ። ቄስ ገብረ ሥላሴ መስቀላቸውን ይዘው ተነሡ። ጥፋት የለባትም ቢሉ፣ ነገ ስንቱ ልጅ ጨረቃ ሲዞር ያመሻል። ረክሳለች ቢሉ፣ ቅቤ በጣቱ የነካውን ሁሉ ማውገዝ ነው፤ ያም የሚቀድሱለትን ሕዝብ ማጣት ነው።

«ማተብሽ የት አለ?»

ከአንገቷ ሥር ስባ አወጣችው። አድፏል፣ ግን አለ።

«ሌላውን ስትይዢ ይኸን ለምን አልበጠስሽውም?»

«ይኸማ የኔ ነው» አለች፣ እንባዋ መጣ። «የኔታ፣ እኔ የራቀ ነገር መስሎኝ ከባሕር ማዶ ነበር የምፈልገው። እዚሁ አለ እኮ። ለምን እንደምታደርጉት የሚነግረኝ ግን የለም። እሱን ማወቅ ነው የምፈልገው፤ ሌላ ምንም አላልሁም።»

ቄስ ገብረ ሥላሴም በልጅነታቸው ይህንኑ ጠይቀው በኩርኩም ነበር የተመለሰላቸው።

«ጥፋት አለባት» አሉ በመጨረሻ። አቶ ጓዴ ዓይናቸውን ጨፈኑ። «ጠይቃ ሳትጨርስ ሰበከች። ግማሽ መንገድ ላይ ቆማ ደረስሁ አለች። እኔም የንስሐ አባቷ ነኝና ቀኖና እሰጣታለሁ።»

የንስሐ አባት የሰጠውን ቀኖና አባት አይሽረውም፣ ዳኛም አይለውጠውም፤ ያሰናከለ ሰው ኃጢአቱን በራሱ ጫንቃ ይሸከማል። ይህን የማያውቅ በዚያ ዛፍ ሥር አልነበረም።

«ቀኖናሽ ይኸ ነው። ነገ ጧት ወደ መካነ ኢየሱስ ትመለሻለሽ። ፈተናሽን ትፈተኛለሽ። ካለፍሽ ደብረ ታቦር ገብተሽ ትቀጥያለሽ። የጀመርሽውን ጥያቄ ሳትጨርሺ ብትመለሺ፣ ቀኖናሽን አፍርሰሻል፤ እኔም አልፈታሽም።»

አቶ ጓዴ ዓይናቸውን ገለጡ። «እንዴ... ለስንት ዓመት ነው አባ?»

«እስኪያልቅ ነዋ፣ ልጄ። ቀኖና እኮ ነው።»

በማግስቱ የአቶ ንጉሴ ሽማግሎች ሲመጡ አቶ ጓዴ በራፍ ላይ ተቀበሏቸው። «ቀኖና ተጥሎባታል፤ ምን ይደረግ?» ብለው ትከሻቸውን ሰበቁ። የተቆጣ ሰው ድምፅ ግን አልነበረም። ስንቋን አህያ ላይ የጫኑትም ራሳቸው ናቸው፤ በሶው ላይ ማር ጨምረውበት። ስንዱም እስከ ወንዙ ሸኘቻትና፣ ስትመለስ ቄሱ ደጅ ሄዳ «እኔም ፊደል ልቁጠር» አለች። ቄሱ እጅግ ፈሩ፤ ግን አስገቧት።

ከጥቂት ሳምንት በኋላ የጨው ነጋዴው ቻላቸው ከመካነ ኢየሱስ መጣ። ፈትለወርቅ ደኅና ናት አለ። ጨዋ ሆናለች፤ ዛፍ የለ፣ ጨረቃ የለ፣ ማንንም ምንም አትጠይቅም፤ አቀርቅራ ታነባለች። አቶ ጓዴ «ተመስገን!» አሉ። ግራዝማችም ተመስገን አሉ። መንደሩ በሙሉ እፎይ አለ።

ቄስ ገብረ ሥላሴ ብቻ ምግብ አልበላ አላቸው። ቻላቸውን እንደገና አስጠርተው፣ ታማ ይሆን? ከሳች? ማን ምን ብሏት ነው? እያሉ አደረቁት። አስተማሪዎቿ ኮርኩመዋት ይሆናል ብለው አሰቡ፤ የገዛ ልጃቸው የተመታች ያህል ተናደዱ። ቻላቸው ጨውን ሲጭን መንገድ ድረስ ወጥተው ያዙት። «ባለመጠየቅ ደጃዝማችነት ይቀራል ብለውሻል በልልኝ። እንዳትረሳ። እንዲህ እንዳልኋት ንገራት!»

መልሱ በቀጣዩ ገበያ በቻላቸው አፍ መጣ። «ዝም ያልሁት ፈተናው ስለደረሰ ነው፤ አይስጉ ብላለች። ፈረንጇ አስተማሪ የጨረቃን አካሄድ አሳይታቸው፣ እሷ ደግሞ የኛ ቤተ ክርስቲያን ፋሲካን የምታወጣው ጨረቃን ቆጥራ መሆኑን ደርሳበታለች። ክረምት ስትመጣ ባሕረ ሐሳብ እንዲያስተምሯት ትፈልጋለች። ሁሉንም፣ ከነምክንያቱ ብላለች። ምክንያቱን ደጋግማ አደራ ብላኛለች።»

ቄስ ገብረ ሥላሴ ባሕረ ሐሳብን ከተማሩት ሠላሳ ዓመት አልፏል፤ ግማሹ ከአእምሯቸው ጠፍቷል፤ ምክንያቱንማ ያኔም የነገራቸው የለም። በዚያው ዕለት ከሰዓት በኋላ ደጅ ላይ መደቡን ጠርገው፣ የቆየውን ብራና ጭናቸው ላይ ዘርግተው፣ እንደ ተማሪ እየተወዛወዙ ያጠኑ ጀመር። ባለቤታቸው ከጓዳ ብቅ ብለው ጉድ አሉ።

«ምነው አባ፣ በዚህ ዕድሜዎ? ማን ሊፈትንዎ ነው?»

«ፈትለወርቅ ልትመጣ ነው» አሉ ቄስ ገብረ ሥላሴ፣ ገጹን ሳይለቁ።