ጋሽ አንጁሎ ውሃ ሲቀምሱ

ከሽንት ቤታችን ምን ያህሉ ወደ ውሃ ጉድጓዳችን ይሰርጋል? ዛሬም መልሱን አላውቀውም።

የሶዶው ጎረቤታችን ጋሽ አንጁሎ ግን በምላሳቸው ያውቁት ነበር። እንዲህ ያለ ሰው ገጥሟችሁ ያውቃል? ከውሃ ጉድጓዳቸው በላይ፣ ተዳፋቱ ላይ፣ ሽንት ቤት ያስቆፈሩ ሰሞን ውሃውን ተጉመጥምጠው አንድ ዓይናቸውን ጨፈኑ፤ ሰፈርተኛው እንደ ተከሳሽ ፍርድ ጠበቀ።

«ንጹሕ!» ብለው ፈረዱ።

እኔ ደግሞ ከሽንት ቤት የሚሰርገው ናይትሬት የሚባል ነገር ጣዕምም ቀለምም እንደሌለው፣ ጡጦ የሚጠባ ሕፃን ግን እንደሚያፍን አንብቤ ዝም ብዬ ነበር። ምራታቸው ለሕፃን ልጇ ጡጦ ከዚያው ውሃ ስትቀዳ ያየሁ ዕለት ዝምታዬ አለቀ።

«ጋሼ፣ ይህ በምላስ አይታወቅም። ለልጅቷ ከላይኛው ምንጭ ይቀዳላት» አልኳቸው።

«አይ ትልቋ ተማሪ! እኔ ስጠጣው ምን ሆንኩ?»

«እርስዎ ጡጦ አይጠቡማ!»

ሳቁ። ከዚያም እንስራውን ራሳቸው አንስተው፣ ሰፈሩ ሁሉ እያየ፣ ወንድ ውሃ ሊቀዳ በማይሄድበት የምንጭ መንገድ ሽቅብ ወጡ።