የአሥራ ሰባት ቁጥሯ አኩሪ አተር ጉዳይ

ቀን፦ ረቡዕ ኅዳር 18 ቀን 2017 ዓ.ም.
ቦታ፦ ሐዋሳ፣ ምሥራቅ ክፍለ ከተማ፣ የዘር ማሻሻያ ማዕከሉ ትንሹ አዳራሽ። የትልቁ ቁልፍ አሁንም እየተፈለገ ነው።
የተገኙ፦ ሰብሳቢ አቶ በኃይሉ፣ አባላት ዶ/ር ባህሩና ወ/ሮ ሶሊያና፣ ያለ ድምፅ የተጋበዙ ተመራማሪ ወ/ሪት ሩሀማ፣ ጸሐፊ ሰኢድ።
ያልተገኙ፦ አባል አቶ አልአዛር። መታመማቸውን በስልክ አሳውቀዋል፤ ከጀርባቸው የሐይቅ ዳር ሙዚቃ ይሰማ ነበር።

ከአራት አባላት ሦስቱ በመገኘታቸው ምልዓተ ጉባኤው ተሟልቶ፣ ለ3፡00 የተጠራው ስብሰባ 4፡25 ላይ ተጀመረ።

አጀንዳ 1፦ የሻይ ሰዓት
ሰብሳቢው የራሳችንን ምርት እኛ ካልበላነው ማን ይብላልን ሲሉ ጠየቁ። ከረጅም ውይይት በኋላ ብስኩት ቀርቶ አኩሪ አተር ተቆልቶ እንዲቀርብ ተወሰነ። የሻይ ክበቧ ወ/ሮ ታቢታ ከየት ላምጣ ቢሉ፣ እዚህ ግቢ አኩሪ አተር ይጠፋል እንዴ፣ ማኅተም የሌለው ነገር ባለቤት የለውም ተብለው ተሸኙ።

አጀንዳ 2፦ ስም ማውጣት
ወ/ሪት ሩሀማ እንዳስረዱት፣ አኩሪ አተር ሲደርቅ ቅርፊቱ ፀሐይ ላይ ይሰነጠቅና ገበሬው ሳይደርስ ፍሬው መሬት ላይ ይረግፋል። ስድስት ዓመት ሲያዳቅሉ ቆይተው፣ ከ140 ተክል 17ኛዋ ብቻ ከደረቀች በኋላ ሦስት ሳምንት አንድ ፍሬ አልጣለችም። ያላት ዘር አንድ እፍኝ ነው። ወደ ዘር ማቆያው ቀዝቃዛ ክፍል ለመግባት ሦስት ፊርማና ማኅተም እየጠበቀ፣ ፖስታ ውስጥ ተደርጎ በጸሐፊው ጠረጴዛ ላይ ዘጠኝ ቀን ሆኖታል።

ሰብሳቢው ፊርማው «ልዩ ልዩ» ውስጥ እንደሚታይ ገልጸው፣ ዘሯ «በኃይሉ-1» እንድትባል ሐሳብ አቀረቡ፤ ከእሳቸው ስም ጋር መግጠሙ አጋጣሚ ነው አሉ። ወ/ሮ ሶሊያና የልጃቸውን ስም አቀረቡ። ከረጅም ውይይትና ከአንድ ጠረጴዛ ድብደባ በኋላ «በኃይሉ-1» በሁለት ድምፅ ጸደቀ። አንደኛው ድምፅ የአቶ በኃይሉ ነው።

ለሻይ ተነሣን። ቆሎው ግሩም ነበር። ዶ/ር ባህሩ ሁለቴ ዘገኑ።

አጀንዳ 3፦ ልዩ ልዩ
ለፊርማ ፖስታው ሲመጣ ባዶ ሆኖ ተገኘ። ወ/ሮ ታቢታ ተጠርተው፣ «ማኅተም የሌለው ነገር ባለቤት የለውም ያላችሁት እናንተው አይደላችሁ? ማኅተም ፈለግኩበት፣ የለውም፤ ቆላሁት» ሲሉ መለሱ።

ወ/ሪት ሩሀማ «ስድስት ዓመቴን እኮ ነው የበላችሁት!» አሉ። ሰብሳቢው ስሜታዊነት በቃለ ጉባኤ እንዳይያዝ አዘዙ። ተይዟል።

ሰሃን ላይ የተረፉት አራት የተቆሉ ፍሬዎች ቀዝቃዛ ክፍል እንዲገቡ ሦስቱም አባላት ወዲያው ፈረሙ፤ ማኅተምም ተመታ።

በመጨረሻም ስሙ እንዲሻር፣ ቆሎው ወደ ብስኩት እንዲመለስ፣ ዘሯ እንዳልተገኘች፣ ይህም ስብሰባ እንዳልተካሄደ እንዲቆጠር በሙሉ ድምፅ ተወስኖ 6፡10 ላይ ተነሥተናል። ወ/ሪት ሩሀማ አራቱን ፍሬዎች በመሐረብ ቋጥረው እያለቀሱ ወጡ።

ሰኢድ፣ ጸሐፊ፤ ከበሉትም አንዱ።