ጋሽ ዘለቀ ኮምፒውተሬ ውስጥ የቀሩ ዕለት

ትናንት፣ ሰው ሁሉ ቀብር ሲሄድ፣ እኔ ኪቦርድ ላይ ተደፍቼ ሕልም አየሁ።

አይፈረድብኝም። ለቅሶ ቤት አድሬ ነው ጽሕፈት ቤቴን የከፈትኩት። የሰፈራችን የአውቶቡስ ሾፌር ጋሽ ዘለቀ አርፈው፣ ቀብር ላይ የሚነበበውን የሕይወት ታሪካቸውን ልጃቸው እታገኝ እያለቀሰች በቃል አስጻፈችኝ። «ትሑት፣ ታጋሽ፣ ከአፋቸው ክፉ የማይወጣ» አለች። ጻፍኩ። ጽሕፈት ቤት የተባለውን ይጽፋል እንጂ አይመሰክርም። ልክ ላትመው ስል ኮምፒውተሩ ሰማያዊ ሆነና «አፕዴት እየተደረገ ነው፤ አያጥፉ» አለኝ። ጽሑፉ ገና ሴቭ አልተደረገም። እታገኝን «አንቺ ቅደሚ፣ አትሜ እደርሳለሁ» ብዬ ሸኘኋት። ስክሪኑ ላይ የሚዞሩትን ነጫጭ ነጠብጣቦች እያየሁ ዓይኔ ተከደነ።

በሕልሜ ኮምፒውተሩ ወንበሬ ላይ እግሩን አነባብሮ ተቀምጧል። እኔ ጠረጴዛው ላይ ነኝ፤ አቧራ እንዳይነካው የማለብሰው ዳንቴል እኔ ራስ ላይ ጣል ተደርጓል።

«አፕዴት ልትደረጊ ነው» አለኝ።

«በኋላ» አልኩት፣ እንደ ልማዴ።

«በኋላ፣ በኋላ ስትይኝ ከረምሽ። ሶኬትሽ የት ነው?»

«ሶኬት የለኝም።»

«ድሮም አሮጌ ሞዴል ነሽ» አለና ግንባሬን ነካ አደረገው።

ነጫጭ ጫጩቶች ጭንቅላቴን እየዞሩ ይሮጡ ጀመር። አንዷ ደክሟት ስትቆም ሁሉም ይቆማሉ፤ እነሱ ሲቆሙ እኔ ቃሌ አፌ ውስጥ እንዳለ እደርቃለሁ። እንደገና ሲሮጡ ጠብቄ ከጠረጴዛው ዘለልኩና በሩን በርግጄ ወጣሁ። ቀብሩ ሊያመልጠኝ ነው።

ውጭ የመብራት ምሰሶዎች መንገድ ዳር ቁጢጥ ብለው ያማርራሉ።

«ሰው ጠፋ። ዛሬም ሳይመጣ ሊያድር ነው።»

«ደውሉላቸዋ» አልኳቸው።

«ደወልን እኮ። ጥገና ላይ ነን አሉ።»

ትንሽ አለፍ ብሎ አንድ ፎቶ ኮፒ ማሽን የአንድ ሰውዬ አፍ ውስጥ እጁን እስከ ክንዱ አስገብቶ ይጎረጉራል።

«ወረቀት ያዘው» አለኝ፣ ላቡን እየጠረገ።

«ጎኑን ምታው።»

መታው። ሰውዬው አነጠሰና የመታወቂያ ኮፒ ዱብ አደረገ። ጥቁር ነው፣ ፊት አይታይበትም፤ እኔ ጋ የሚወጣው እንኳ ከዚያ ይሻላል።

ሚኒባሶች ተሰልፈው ሰው ይጠብቃሉ። እኔን ሲያዩ ተጋፍተው መጡና አንዷ ጀርባዬ ላይ ወጣች። እንዳዘልኳት ወደ ቤተ ክርስቲያኑ ሮጥኩ። ድልድዩ ጋ ስንደርስ «ወራጅ አለ» አለችና ሒሳብ እንኳ ሳትከፍለኝ ወርዳ ሄደች።

ድልድዩ ላይ መጥረጊያ የያዘ ሰው መንገዱን ዘጋብኝ። ወዲያው አወቅኩት። አምና ኮምፒውተሬን ያጸዳልኛል ብዬ የጫንኩት ነጻ ማጽጃ ፕሮግራም ነው። ብቻውን ነበር የጠራሁት፤ እሱ ግን ዘመዶቹን በሙሉ ይዞ ነው የገባው። አንዱ ሳልጠይቀው የአየር ጠባይ ይነግረኛል፣ አንዷ ቁማር ካልተጫወትሽ ትለኛለች። ዛሬም ከኋላው ተኮልኩለዋል።

«ውስጥሽ ቆሻሻ ብቻ ነው» አለኝ፣ ጆሮዬን እንደ መስኮት ከፍቶ እያየ። «ለአፕዴቱ ቦታ አይበቃም። ምኑን ላጥፋልሽ?»

«የቀድሞ እጮኛዬን ስልክ ቁጥር።»

«ጠፋ።»

«ሳቁንም።»

«ጠፋ። ኩራት የሚባል ፋይል አለ፤ ግማሹን ቦታ የያዘው እሱ ነው።»

«እሱን የነካህ እንደሆነ እጅህ እዚያው ይቀራል። ማንም ሳያስተምረኝ፣ ብቻዬን የጫንኩት ነው።»

የአየር ጠባይ ነጋሪው «ነጎድጓድ ይጠበቃል» አለ።

«እሺ፣ ይሄስ? የጋሽ ዘለቀ የሕይወት ታሪክ። ሴቭ አልተደረገም፤ ባለቤት የለውም።»

«ምን ማለትህ ነው? ሰፈሩ በሙሉ ቆሞ እየጠበቀው ነው።»

መጥረጊያውን ሲያነሳ ጽሑፉን በሁለት እጄ ያዝኩት። እሱም ያዘ። ጎተትኩ፤ ጎተተ። «ትሑት» መሃል ለመሃል ተበጠሰ። «ታጋሽ» መሬት ወደቀና አንዷ ጫጩት ለቀም አድርጋ ዋጠችው።

ያኔ ከኋላ ክላክስ ተነፋ። ዞር ስል አውቶቡስ ጋሽ ዘለቀን እየነዳቸው መጣ። ኮፍያቸውን ገፋ አድርገው አዩኝ።

«ልቀቂላቸው፣ ልጄ። ታጋሽ ሾፌር አይተሽ ታውቂያለሽ?»

«እታገኝ ናት ያስጻፈችኝ፣ ጋሼ።»

«እሷ የጎረቤታችንን ታሪክ ነው ያስጻፈችሽ። የኔን እኔው ልንገርሽ። ጻፊ።»

«እንዴት ልጻፍ፣ አፕዴት ላይ እኮ ነኝ።»

«እንግዲያስ በቃልሽ ያዢው። የተጋባን ሰሞን ሚስቴን ፌርማታ ላይ ረስቻት አልፌ፣ ተሳፋሪ ጮኾ መለሰኝ በዪ። ትራፊክ ፖሊስ የማያስቆመኝ ስድቤን ፈርቶ ነው በዪ። አሮጊት እየሮጠች በር ዘግቼ አላውቅም፤ አለቃዬ እየሮጠ ግን ዘግቼበታለሁ፣ ደስ እያለኝ በዪ።»

ሳቅኩ። ጫጩቶቹም ሳቁ፤ ሲስቁ መዞር ረሱና ከራሴ ላይ አንድ በአንድ እየወደቁ ተበተኑ። የመጨረሻዋ አፍንጫዬን ነከሰችኝ።

ነቃሁ። አፍንጫዬ ኪቦርዱ መሃል ተሰክቷል። ስክሪኑ ላይ «አፕዴቱ አልተሳካም፤ ወደነበረበት እየተመለሰ ነው» ይላል። እታገኝ ነጠላዋን አዘቅዝቃ በሩ ላይ ቆማለች።

«ትርሲት፣ ቄሱ ጨርሰዋል። ሰዉ ፀሐይ ላይ ነው። ወረቀቱስ?»

ወደ ስክሪኑ ጠቆምኩ። ኮምፒውተሩ ጠፋ፣ በራ፣ ነጠብጣቦቹም እንደ አዲስ መዞር ጀመሩ።

«በቃ፣ በቃልሽ ትዪዋለሽ» አለች እጄን ይዛ። «የጻፍሽው አንቺ ነሽ። እኔ አንደበቴ አይከፈትም።»

ያስጻፈችኝን መንገዱን ሙሉ ፈለግኩት። «ትሑት» የለም። «ታጋሽ» የለም። መቃብሩ አፍ ላይ አቆሙኝ። ኮምፒውተር አሸነፋት ሲሉኝ ከምሰማ አብሬያቸው ብቀበር ይሻለኛል። ጉሮሮዬን ጠረግኩ።

«ጋሽ ዘለቀ» አልኩ፣ «የተጋቡ ሰሞን ባለቤታቸውን ፌርማታ ላይ ረስተው አለፉ።»

እታገኝ ክንዴን ቆነጠጠችኝ። ጥቁር ለብሰው ያቀረቀሩት ባለቤታቸው ቀስ ብለው ቀና አሉ።

«ያውም ተመልሶ መጥቶ» አሉ፣ «ትኬት አስቆረጠኝ።»