ስድስት ወር በቂ ነው

(የልብስ ስፌት ፋብሪካ የጥገና ክፍል፣ የምሳ ሰዓት። የሠራተኞች መብት ማሻሻያ ፕሮጀክት ወጣት ባለሙያ የጊዜ ሰሌዳውን ግድግዳ ላይ ለጥፏል። ጠና ያሉት ሜካኒክ መነጽራቸውን ግንባራቸው ላይ ሰቅለው የስፌት መኪና ይፈታሉ።)

ባለሙያው፦ ስድስት ወር በቂ ነው አልኩ እኮ!

ሜካኒኩ፦ ለምኑ?

ባለሙያው፦ ለሁሉም! እስካሁን ምን ሲሰሙ ነበር ጋሼ?

ሜካኒኩ፦ ስሰማስ ነበር። ቶሎ አይገባኝም እንጂ። እስቲ ከመጀመሪያው።

ባለሙያው፦ (በረጅሙ ተንፍሶ) አንደኛ ወር፣ የመነሻ ጥናት።

ሜካኒኩ፦ ወሩን ሙሉ መነሻ ስታጠኑ ከከረማችሁ መቼ ልትነሱ ነው?

ባለሙያው፦ ጥናቱ ራሱ ነው መነሻው! ሁለተኛ ወር፣ ባለድርሻ አካላትን ማወያየት።

ሜካኒኩ፦ እነሱ ደግሞ እነማን ናቸው?

ባለሙያው፦ እናንተ ናችኋ።

ሜካኒኩ፦ እኛ? ሃያ ሁለት ዓመት ስሠራ ድርሻ የሚባል ነገር ደርሶኝ አያውቅም። ከሌላ ሰው ጋር አምታተኸኝ እንዳይሆን።

ባለሙያው፦ ኧረ በፈጠረዎት! ሦስተኛ ወር፣ ለአለቆች ግንዛቤ ማስጨበጥ።

ሜካኒኩ፦ ከጨበጡ በኋላስ?

ባለሙያው፦ አመለካከታቸው ይቀየራል። ሁለት ሳምንት ይዤለታለሁ።

ሜካኒኩ፦ የሥራ አስኪያጁም?

ባለሙያው፦ የእሳቸውም።

ሜካኒኩ፦ የስፌት መኪና ልጠግን ቤታቸው ሄጄ ነበር። ባለቤታቸው አሥራ ስምንት ዓመት ሙሉ ካልሲያቸውን ከሳሎን እንዲያነሱ ማድረግ አቅቷቸዋል።

ባለሙያው፦ ካልሲ ሌላ፣ መብት ሌላ!

ሜካኒኩ፦ እሱስ ልክ ነህ። መብት ይከብዳል።

ባለሙያው፦ እሺ፣ እርስዎ ስንት ይላሉ?

ሜካኒኩ፦ ሦስት ዓመት። ደንቡ ይረቀቃል፣ ክርክር አለ፣ አለቃ ሲቀየር ደግሞ እንደገና ከሀ ይጀመራል።

ባለሙያው፦ ሦስት ዓመት! እንዲህ እያላችሁ ነው ሥራ የሚንቀረፈፈው! ሦስተኛ መስመር ላይ የምትሰፋው ነፍሰ ጡር፣ በቀን ለሦስተኛ ጊዜ ሽንት ቤት ልግባ አልሽ ተብላ ማስጠንቀቂያ ተጽፎባታል። ሦስት ዓመት ትጠብቅ ነው የሚሉኝ?

ሜካኒኩ፦ ስድስት ወርስ እንዴት ትጠብቅ? ለመውለድ ሁለት ወር ነው የቀራት። እናንተ ስትወያዩ ትወልዳለች።

(ባለሙያው ሰሌዳውን ያያል።)

ባለሙያው፦ (ድምፁ ወርዶ) ታዲያ ምን ይሻላል? የሽንት ቤቱ በር ያለ ካርድ አይከፈት፤ ካርዱን ደግሞ ማሽኑ በቀን ከሁለቴ በላይ አይቀበል።

ሜካኒኩ፦ ተበላሽቷል።

ባለሙያው፦ አሠራሩ?

ሜካኒኩ፦ ማሽኑ። ሰኞ ዕለት። በሩ ክፍት ሆኖ ቀረ፤ ሴቶቹም እንደፈለጉ ይገባሉ፣ ይወጣሉ።

ባለሙያው፦ ማነው የሚጠግነው?

ሜካኒኩ፦ እዚህ ግቢ ያለው ሜካኒክ አንድ ነው።

ባለሙያው፦ (ቀስ ብሎ ወንበር ስቦ እየተቀመጠ) ሥራ አስኪያጁ ምን አሉ?

ሜካኒኩ፦ በስንት ቀን ይደርሳል አሉኝ። መለዋወጫው ሩቅ ነው፣ ጊዜ ቆርጬ እነግርዎታለሁ ብያቸው መጣሁ። (መነጽራቸውን ዓይናቸው ላይ እያወረዱ) ያንተ ፕሮጀክት ስንት ዓመት ይሁን ተባባልን?

ባለሙያው፦ (እርሳስ አንስቶ “ስድስት ወር” የሚለውን እየሰረዘ) ሦስት።

ሜካኒኩ፦ እንግዲያው መለዋወጫው የሚገባው በአራተኛው ዓመት ነው።