የወይዘሮ ፀሐይነሽ ሰደቃ

ደሴ የሚኖር ሰው ከሁለት አንዱ ነው፤ ወይ ለወይዘሮ ፀሐይነሽ ብርድ ልብስ ሰጥቷል፣ ወይ ገና ይሰጣል። ሦስተኛ ዓይነት ሰው ካለ ወደ ኮምቦልቻ የሸሸ ነው፤ እሱንም ቢሆን ወርደው ያገኙታል።

እንዲህ ያሉ ሴት በእናንተም ሰፈር አይጠፉም። ቤታችሁ ገብተው "እግዜር ይስጥልኝ፣ አልቀመጥም" ይላሉ፤ ዓይናቸው ግን ቁም ሳጥናችሁ ላይ ተቀምጧል። የእኛዋ፣ ቧንቧ ውሃ በሚባለው ሰፈር የሚኖሩት፣ ሰፈርተኛው "የብርድ ልብስ ሚኒስትሯ" ብሎ የሾማቸው ወይዘሮ፣ አንዲት ጥያቄ ብቻ አለቻቸው፦ "ዘንድሮ ለብሰሽዋል?" ለብሼዋለሁ ካልሽ "እንግዲያ ጠግበሽዋል" ነው። አልለበስኩትም ካልሽ "እንግዲያ አትፈልጊውም።" ማምለጫ የለም። የቤተ ክርስቲያናቸው ፓስተር ኪዳኑ ካፖርታቸውን ወንበር ላይ ጣል አድርገው ለጸሎት ዓይናቸውን ጨፈኑ፤ "አሜን" ብለው ሲገልጡ ካፖርቱ የኩታበርን መንገድ ጀምሮታል። ኮምቦልቻ የሚገኝ የአንድ ጨርቅ ፋብሪካ ሥራ አስኪያጅ ደግሞ "ስብሰባ ላይ ነው" አስብሎ በጓሮ በር ሹልክ ሲል፣ ወይዘሮዋ እዚያው በር ላይ ዳቦ እየገመጡ ጠበቁት። ከዚያ ወዲያ ብርድ ልብሱን በገዛ መኪናው ነው የሚልክላቸው።

ይህ ሁሉ ለራሳቸው አይደለም፤ አፌ ይቆረጥ። ከኩታበር ወዲያ፣ መኪና ከሚቆምበት አልፎ፣ ገደል አፋፍ ላይ ላለች መንደር ነው። ውርጩ እዚያ ባቄላውንም ሽማግሌውንም አይምርም።

ጎረቤታቸው ሸሪፋ ግን አንድ ነገር አልዋጥላት ብሏል። አምና ክረምት የወይዘሮዋ ባለቤት አቶ ገብሬ ሞቱ። በቀብሩ ማግስት ወይዘሮ ፀሐይነሽ የሟቹን ልብስ ራሳቸው አጣጥፈው ከሌላው ጋር አስጫኑት። ሊያስተዛዝን የመጣውን ሁሉ "እሱ ጌታው ጋ ነው፤ ምን ያስለቅሳል? ይልቅ ያ ጋቢህ፣ ዘንድሮ ለብሰኸዋል?" እያሉ ሸኙት። ሲያለቅሱ ያየ የለም። ከዚያ ወዲህ ግን እህል በአፋቸው አይዞርም፤ ቀሚሳቸው ትከሻቸው ላይ ተንጠልጥሎ ቀረ።

"እትዬ ፀሐይ፣ አልቅሰው ይውጣልዎት እንጂ። ይሄ ያፈኑት ሐዘን ይዞዎት ይሄዳል" ብትላቸው ሸሪፋ፣ "ጊዜ የለኝም" አሏት። ጊዜ የለኝም! ቀጠሮ የጠየቀቻቸው ይመስል።

ዘንድሮ ኅዳር ላይ የመሄጃቸው ቀን ሲቃረብ፣ ሸሪፋ "'እርዳታ' ብለው እንዳይልኩባቸው፤ የተከበሩ ሰዎች ናቸው፣ ቅር ይላቸዋል" ብላ መከረቻቸው። ወይዘሮዋም የተከበረ ቃል ፈለጉ፤ አገኙም። ከመንደሩ ለገበያ ደሴ ለመጣው ለመሕሙድ "ሰደቃ ይዤ እመጣለሁ፤ ሰብሰብ ብላችሁ ጠብቁኝ በላቸው" ብለው ላኩ።

ሸሪፋ ይህን የሰማችው ጭነቱ አህያ ላይ ወጥቶ ሁለቱም አቀበቱን ከተያያዙት በኋላ ነው። ቀጥ ብላ ቆመች።

"ምን አሉት?"

"ሰደቃ። የእናንተው ቃል አይደል? ምጽዋት ማለት!"

"ወይ ጉዴ! ምጽዋትማ ነው። ግን እኮ ሰው የሞተበትም ሰደቃ ያወጣል! ሰው ሰብስቦ፣ አብልቶ፣ ለሟቹ ዱዓ ያስደርጋል። እትዬ ፀሐይ፣ 'ሐዘን አለብኝ፣ ድረሱልኝ' ብለው እኮ ነው የላኩት!"

"ደርሰን እናስረዳቸዋለና" አሉ። ሚኒስትር አይደነግጥም።

ማስረዳት የት ተገኝቶ! መንደሩ ከነጎረቤቱ ነቅሎ ወጥቶ፣ ወንዱ ባንድ ወገን ሴቱ ባንድ ወገን፣ ድምፁን ዝቅ አድርጎ ተቀምጧል። ከውርጭ የተረፈችው ባቄላ ንፍሮ ሆናለች። ከይሪያ የምትባል ሴት ከመሃል ተነሥታ ወይዘሮዋን እቅፍ አደረገቻቸው። "አብሽሩ እናቴ፣ አብሽሩ። አላህ ያጽናዎት።"

የመንደሩ ትልቅ ሰው ሼህ አብዱልወሀብም ተነሥተው ተቀበሏቸው። "እንኳን በሰላም መጡ። ሐዘንዎን ሰምተን ብቻዎን አይሁኑ ብለን ነው የወጣነ። ሰደቃው ለማን ነው?"

ሸሪፋ፣ አሁን "ተሳስቼ ነው" ይላሉ፣ ከዚያ ይህን ሁሉ ሰው በምን ዓይናችን እናየዋለን ብላ ተጨነቀች። ወይዘሮ ፀሐይነሽ የተሰበሰበውን ሰው ዳር እስከ ዳር አዩት።

"ለገብሬ" አሉ በመጨረሻ፣ ቀስ ብለው። "ለባለቤቴ።" ወዲያው ደግሞ እምነታቸው ትዝ አላቸው መሰል፣ "ግን ሼህ፣ በእኛ ለሞተ ሰው አይጸለይም። እሱ ጌታው ጋ ገብቷል" አሉ።

ሼሁ፣ "ይሁና። እሳቸው ከደረሱ እሰየው። እኛ ለቀሩት ዱዓ እናድርጋ" አሉና እጃቸውን ዘረጉ። የመንደሩ እጅ ሁሉ አብሮ ተዘረጋ። "ያረቢ፣ ለዚች እናት ልቧን አሳርፍላት።"

"አሚን!" አለ ሰዉ።

ወይዘሮ ፀሐይነሽ እንደቆሙ ደረታቸውን መቱ። "ገብርዬ!" ብለው ጮኹ። "ብርድ አይችልም ነበር እኮ! ብርድ አይችልም ነበር፤ በዚያ ዝናብ አፈር ውስጥ ጥዬው መጣሁ!" ቁጭ አሉ፤ ሴቶቹም ከበቧቸው። የአምናው ለቅሶ ገና ያን ቀን ተለቀሰ። ማንም ዝም በሉ አላላቸውም።

ከይሪያ ሄዳ ጭነቱን ፈታች፤ ከላይ ያለውን ብርድ ልብስ አንሥታ መጥታ ትከሻቸው ላይ ጣል አደረገችላቸው።

"ኧረ ተይ ልጄ፣ ይሄ የእናንተ ነው" አሉ ወይዘሮዋ እንባቸውን እየጠረጉ።

"የእኛ ከሆነማ ለፈለግነው እንሰጠዋለን።"

እኚያ በክርክር ተረተው የማያውቁት ሴት እንደ ሕፃን እሺ አሉ። ብርድ ልብሱን እስከ አገጫቸው ሳቡት። ሸሪፋ ደስታዋ ዓይኗን ጋርዶት ንፍሮውን እየደፋች ነበር ያቀረበችላቸው። ወይዘሮ ፀሐይነሽም ዘገን አድርገው በሉ፤ ሲጨርሱ እንደገና መዳፋቸውን ዘረጉ።