ባላንስ አይታይም

[ዳላስ ፎርት ወርዝ ኤርፖርት፣ በስልክ አፕ የሚጠሩ የታክሲ ሾፌሮች ተራ የሚጠብቁበት ሜዳ። ባርናባስ መኪና ውስጥ ሁለት ሰዎች ተቀምጠዋል። ባርናባስ ያልጠየቁትን ሁሉ የሚያስረዳ ሰው ነው። ወልዴ ደግሞ ሦስቴ ካልነገሩት አይገባውም፤ ሲገባውም ይጠራጠራል። መጠራጠሩ አይፈረድበትም። አምና ቴሌግራም ላይ የተዋወቀው ሰው “ኮይን” የሚባል የኢንተርኔት ገንዘብ ግዛ እያለ አራት ሺህ ዶላር በልቶበታል። አሁን እቁብ ደርሶት ስድስት ሺህ ዶላር ለልጁ ለዜማ ኮሌጅ ሊያስቀምጥ ነው፤ ሚስቱ ዕፀገነት ጠዋት “ይቺንም ካጠፋሃት...” ብላ ሳትጨርስ ወደ ሥራ ሄዳለች። የአክሲዮን ገበያው ሊዘጋ ግማሽ ሰዓት ቀርቷል።]

ወልዴ፦ ሦስት ዶላር?

ባርናባስ፦ ሦስት ዶላር።

ወልዴ፦ በወር?

ባርናባስ፦ በዓመት! አሥር ሺህ ብታስቀምጥ በዓመት ሦስት ዶላር ነው የሚያስከፍሉህ። ያንተ ስድስት ሺህ ስለሆነ ሁለት ዶላር እንኳ አይሞላም።

ወልዴ፦ ይቅርብኝ።

ባርናባስ፦ ምኑ?

ወልዴ፦ በሁለት ዶላር ገንዘቤን ዓመት ሙሉ የሚጠብቅ ሰው ጤነኛ አይደለም። የኮይኑ ሰውዬም በነጻ ነበር የጀመረው።

ባርናባስ፦ ሰው አይደለም! ማለቴ፣ ፈንድ ነው። ኢቲኤፍ። አንድ ትልቅ ዘንቢል አስብ። ውስጡ አምስት መቶ ካምፓኒ አለ። አንድ ሸር፣ ማለት አንድ አክሲዮን፣ ስትገዛ ከሁሉም ቁራሽ ቁራሽ ይደርስሃል። ቁጭ ብሎ ይሄን ግዙ ያን ሽጡ የሚል ባለሙያ ስለሌለው ነው የረከሰው። ገባህ?

ወልዴ፦ ገባኝ። እቁብ ነው።

ባርናባስ፦ እቁብ አይደለም።

ወልዴ፦ ብዙ ሰው አያዋጣም?

ባርናባስ፦ ያዋጣል።

ወልዴ፦ ታዲያ ዳኛው ማነው?

ባርናባስ፦ ዳኛ የለውም።

ወልዴ፦ ዋስስ?

ባርናባስ፦ ዋስም የለውም!

ወልዴ፦ ዕጣውን ማን ያወጣዋል?

ባርናባስ፦ ወልዴ! ዕጣ የለም፣ ተራ የለም፣ የሚቀር አባል የለም፣ ቅጣት የለም። በፈለግህ ቀን ትገዛለህ፣ በፈለግህ ቀን ትሸጣለህ።

ወልዴ፦ ዳኛም ዋስም የሌለው እቁብ። [በረጅሙ ይተነፍሳል።] ዕፀገነት ይህንን ብትሰማ ሻንጣዬን በር ላይ ነው የማገኘው።

ባርናባስ፦ እሷን ተዋት። እየው፣ የምንነዳለት አፕ ራሱ ዘንቢሉ ውስጥ አለ።

ወልዴ፦ የኛው አፕ?

ባርናባስ፦ የኛው።

ወልዴ፦ ስለዚህ ዛሬ ብገዛ የካምፓኒው ባለቤት ነኝ?

ባርናባስ፦ በትንሹ፣ አዎ።

ወልዴ፦ ታዲያ ነገም ኮሚሽን ይቆርጡብኛል?

ባርናባስ፦ ይቆርጡብሃል።

ወልዴ፦ ከባለቤቱ ላይ?!

ባርናባስ፦ [ግንባሩን መሪው ላይ ያሳርፋል።] እንኳን አንተን ሃያ ሦስት ሰው አስተምሬአለሁ። እንዳንተ ያለ አልገጠመኝም።

ወልዴ፦ አትቆጣ። ሊቀንስ ይችላል?

ባርናባስ፦ አዎ፣ ይቀንሳል። ይሄኔ ነው ሰው የሚበላው። ደንግጦ ይሸጣል። ሶ፣ የመጀመሪያው ሕግ፣ ባላንስ አይታይም! የረጅም ጊዜ ኢንቨስተር ባላንሱን አያይም። እኔ ሁለት ዓመት ሙሉ በየወሩ ሦስት መቶ ዶላር ዲፖዚት አደርጋለሁ፤ አንድ ቀን ባላንሴን አይቼ አላውቅም።

ወልዴ፦ ታዲያ ማደጉን በምን አወቅህ?

ባርናባስ፦ በዎችሊስት! [ስልኩን ያወጣል።] የምትከታተለውን ፈንድ እዚህ ዝርዝር ውስጥ ታስገባዋለህ። አየህ አረንጓዴውን? ዋጋው ወጣ ማለት ነው። ጠዋት ስነሳ አየዋለሁ፣ ተሳፋሪ ካወረድኩ በኋላ አየዋለሁ፣ ቤተ ክርስቲያን ስብከቱ ሲረዝም አየዋለሁ። አምና ብቻ ስንት ፐርሰንት እንደወጣ ታውቃለህ? ሚስቴን ሮሆቦትን “ወጥ ቤቱን ምረጪ፣ ፕሌኖ ከተማ ቤት እንገዛለን” ብያታለሁ።

[ወልዴ ቅናት ቢጤ ተሰማው። ሁለቱም አንድ ሜዳ ላይ አንድ ዓይነት ተራ እየጠበቁ፣ አንደኛው ግን ወጥ ቤት እያስመረጠ ነው።]

ወልዴ፦ እሺ፣ ልገዛ ነው። አካውንቱን ከፍቻለሁ፣ ገንዘቡም ገብቷል። ግን አንድ ነገር አድርግልኝ።

ባርናባስ፦ ምን?

ወልዴ፦ ያንተን ደረሰኝ አሳየኝ። የገዛህበትን። ፎቶ አንስቼ ለዕፀገነት ልላክላት። “ያስተማረህ ሰው ራሱ መግዛቱን በዓይንህ እይ” ብላኛለች።

ባርናባስ፦ ደረሰኝ! የሽንኩርት ሱቅ መሰለህ? [እየሳቀ ይነካካል።] እዚህ ሂስትሪ የሚል አለ። እንካ፣ እስኪበቃህ አንብብ።

ወልዴ፦ [በጣቱ እየተከተለ] ዲፖዚት፣ ሦስት መቶ። ዲፖዚት፣ ሦስት መቶ። ዲፖዚት፣ ሦስት መቶ...

ባርናባስ፦ ዲሲፕሊን ማለት ይሄ ነው።

ወልዴ፦ ዲፖዚት፣ ሦስት መቶ። ባርኒ፣ አለቀ።

ባርናባስ፦ ምኑ አለቀ?

ወልዴ፦ ዝርዝሩ። ሃያ አራት ጊዜ አስገብተሃል። “ገዛ” የሚል ግን የለበትም።

ባርናባስ፦ ወደ ላይ አድርገው።

ወልዴ፦ አደረግኩት።

ባርናባስ፦ ወደ ታች።

ወልዴ፦ ታችም ዲፖዚት ነው።

ባርናባስ፦ አፑ አፕዴት ፈልጎ ነው። አምጣው። [ይዘጋዋል፤ ይከፍተዋል፤ ደግሞ ይዘጋዋል።] ኔትወርኩ ነው። ኤርፖርት አካባቢ ኔትወርክ...

ወልዴ፦ ባላንሱን ክፈተው።

ባርናባስ፦ ባላንስ አይታ...

ወልዴ፦ ባርናባስ። ክፈተው።

[ባርናባስ ከፈተው። ሰባት ሺህ ሁለት መቶ አሥራ አንድ ዶላር። ከአጠገቡ “ካሽ” ይላል፤ ምንም ያልተገዛበት ጥሬ ገንዘብ። ከኋላቸው የቆመው ሾፌር ጥሩንባ ይነፋል፤ ሰልፉ ተንቀሳቅሷል፤ ባርናባስ አልሰማም።]

ወልዴ፦ አሥራ አንዷ ዶላር ምንድን ናት?

ባርናባስ፦ [ድምፁ ጠፍቶ] ወለድ መሰለችኝ።

ወልዴ፦ የሁለት ዓመት?

ባርናባስ፦ አስገባሁ እኮ! በየወሩ አስገባሁ! ካስገባህ በኋላ የቀረውን እነሱ አይደሉም የሚሠሩት? እቁብ ላይ አስገብተህ ዝም አይደል የምትለው?

ወልዴ፦ እቁብ አይደለም አልከኝ።

[ወልዴ መሳቅ ፈልጎ ነበር፤ ግን የሮሆቦት ወጥ ቤት ትዝ አለውና ተወው። እሱ ራሱ አራት ሺህ የጠፋበት ጊዜ ፊቱ ልክ እንደ ባርናባስ ነበር።]

ወልዴ፦ አይዞህ። የኔን ያህል አልተበላህም። ገንዘብህ ሙሉውን አለ። አረንጓዴው ብቻ ነው የሌላ ሰው የሆነው።

ባርናባስ፦ ሁለት ዓመት ሙሉ የሰው ገንዘብ ሲያድግ እያየሁ ደስ ይለኝ ነበር ማለት ነው?

ወልዴ፦ ጥሩ ልብ አለህ።

ባርናባስ፦ አትቀልድ!

ወልዴ፦ ቆይ፣ ያስተማርካቸው ሃያ ሦስት ሰዎች ምን ብለህ ነው ያስተማርካቸው?

ባርናባስ፦ [ቀስ ብሎ] ዲፖዚት አድርጉ፣ ዎችሊስት ውስጥ አስገቡ፣ ባላንስ...

ወልዴ፦ በቃ፣ አትጨርሰው። ደውልላቸው።

ባርናባስ፦ ሰው ፊት እንዴት ብዬ ልቆም ነው?

ወልዴ፦ አሁን ተቀምጠሃል፣ ተቀምጠህ ደውል። ከማን ትጀምራለህ?

ባርናባስ፦ ከእትዬ እታለማሁ። ሜስኪት የሚኖሩት፣ ሆቴል የሚያጸዱት። ጡረታ ሊወጡ አንድ ዓመት ነው የቀራቸው። ያላቸውን ሁሉ ነው አምጥተው... ወይኔ ወልዴ፣ እሳቸውን ምን እላቸዋለሁ?

[ደወለ። ስፒከሩን ወልዴ ነው የከፈተው፤ ስልኩንም ጉልበቱ ላይ አስቀመጠው።]

እታለማሁ፦ ሃሎ? ባርናባስ ልጄ፣ አንተን ሳስብ ነው የዋልኩት።

ባርናባስ፦ እትዬ... ይቅርታ ልጠይቅዎት ነው የደወልኩት።

እታለማሁ፦ ኧረ እኔ ልጠይቅህ እንጂ! ደፍሬ ሳልነግርህ ዓመት ሞላኝ። ያልከኝን አላደረግኩም።

ባርናባስ፦ ምኑን አላደረጉም?

እታለማሁ፦ ዝርዝሩ ውስጥ ያስገቡና እያዩ ይጠብቁ ብለኸኝ አልነበር? ቤት ገብቼ ሳስበው አልገባኝም። ገንዘቤን ይዤ የሰው ዕቃ እያየሁ መቆሙ አሳፈረኝ። ስለዚህ ከሥሩ “ግዛ” የሚል ቁልፍ አየሁና ተጫንኩት።

[ባርናባስና ወልዴ ይተያያሉ።]

ወልዴ፦ እትዬ፣ ወልዴ እባላለሁ፣ የባርናባስ ጓደኛ ነኝ። ደረሰኝ አለዎት?

እታለማሁ፦ እንዴታ! የሥራ ባልደረባዬ ፕሪንት አድርጋልኛለች፣ ዳዊቴ ውስጥ ነው። በየወሩ ስገዛ እጨምርበታለሁ። የዛሬ ሦስት ወር ቀንሶ ነበር፣ እኔም አልሸጥኩም፤ አሁን ተመልሶ ከፍ ብሏል። ባርናባስ፣ ተቀየምከኝ?

ባርናባስ፦ አልተቀየምኩም፣ እትዬ። እንኳን አልሰሙኝ።

እታለማሁ፦ እንዴት?

ባርናባስ፦ ምንም። ደህና ነው። በጣም ደህና ነው።

[ወልዴ ሰዓቱን አየ። ገበያው ሊዘጋ አሥራ አንድ ደቂቃ ቀርቷል። ሆቴል የሚያጸዱ ሴት ዳዊታቸው ውስጥ ያስቀመጡት ወረቀት፣ ለሱ ሃያ ሦስት ሰው ካስተማረ መምህር ይበልጣል።]

ወልዴ፦ እትዬ፣ የልጄን የዜማን ስድስት ሺህ ዶላር ይዤ ቁጭ ብያለሁ። አሁኑኑ ልገዛበት ነው። እስክጨርስ አጠገቤ ይሁኑልኝ?

እታለማሁ፦ ምን ገዶኝ ልጄ፣ መጥረጊያዬን ላስቀምጥና። በል ክፈተው፤ ቀስ እያልክ።

[ወልዴ አፑን ይከፍታል። በዚህ መሃል ባርናባስ የራሱን ስልክ ከወልዴ ጉልበት ላይ በዝግታ ያነሳል፤ የጥሪውን ገጽ ሲያሳንሰው ባላንሱ እንደተከፈተ ነው።]

ባርናባስ፦ እትዬ...

እታለማሁ፦ አቤት?

ባርናባስ፦ ቀስ ይበሉልን። ሁለት ነን።