ለሜላት ያዋስኳት አባት

አንድ ጊዜ የሟች አባቴን ስም ለማላውቃት የስድስት ዓመት ልጅ አባት አድርጌ ጽፌያለሁ። አትፍረዱብኝ አልልም፤ ፍረዱ። ግን መጀመሪያ ስሙኝ።

እኛ ባዶ ቦታ የሚያስፈራን ሰዎች ነን። ቅጽ ስንሞላ ስልክ የሌለው የጎረቤቱን ይጽፋል፣ የቤት ቁጥር የሌለው «አዲስ» ይላል፣ ሁለቱም የሌለው ሰረዝ ያሰምራል። ባዶውን ትቶ ሊሄድ የሞከረውን ደግሞ የመስኮቷ ሴትዮ «ይሄንንስ ማን ሊሞላልህ ነው?» ብላ ትመልሰዋለች።

የመስኮቷ ሴትዮ እኔ ነኝ።

የምሠራው መካኒሳ፣ አንድ የግል ትምህርት ቤት ሪከርድ ክፍል ነው። ከጥቂት ዓመታት በፊት ኮሌጅ የተማርኩትን አስታውሼ፣ ኮምፒውተሩ በተራ የሚፈጽማቸውን ትእዛዞች የያዘች አንዲት ባች ፋይል ጻፍኩ። ስትከፍቷት ጥቁር መስኮት ታመጣና የልጁን ስም ትጠይቃለች፣ የአባቱን ስም ትጠይቃለች፣ ከዚያ ማህደር ትከፍትለታለች። ዳይሬክተራችን «ስህተት አታውቅም» እያሉ ለእንግዳ ያሳዩአት ነበር። እኔም አላስተባበልኩም።

የአባት ስም ለሌለውም አስቤ ነበር እኮ! «የአባት ስም ባዶ ከሆነ፣ ‹ይሟላ› የሚለው ማህደር ውስጥ አስቀምጪ» የሚል መስመር አስገብቻለሁ። መስመሩ ስሙን ከባዶ ጋር በእኩል ምልክት ያወዳድራል፤ ጉዱ ያለው እዚያው ነው። ባች ፋይል መስመሩን ከመፈጸሟ በፊት በስሙ ቦታ የተሰጣትን ስም ትተካለች። ምንም ካልተሰጣት የምትተካው የላትም፤ ከእኩል ምልክቱ በስተግራ ያለው ወገን ይጠፋል። ምኑን ከምን ታወዳድር? ትዘጋለች። ባዶን ለመቀበል የጻፍኩት መስመር የሚወድቀው ባዶ ሲመጣ ብቻ ነበር።

ሰብለ የመጣችው በጳጉሜን ምዝገባ ነው፤ ሰልፉ የግቢው በር ደርሷል። ልጇን ሜላትን በእጇ ይዛለች።

«እህቴ፣ የአባቷን ስም ባዶ ተይልኝ» አለች ድምጿን ዝቅ አድርጋ። «አባትየው የለም። የኔ አባት ከታረቀኝ የሱን ስም አስገባላታለሁ።»

«ካልታረቀሽስ?»

«ያን ጊዜ እናስብበታለን።»

ባዶ ተውኩት። መስኮቱ ብልጭ ብሎ ጠፋ። ደገምኩት፤ ጠፋ። ከኋላዋ የቆመው ሰውዬ «ዛሬ ይደርሰን ይሆን?» አለ። እኔም ለጊዜው ብዬ፣ እጄ ላይ ቀድሞ የመጣውን የአባቴን ስም ጻፍኩ፤ «ዘለቀ»። ፋይሏ ያለ አንዳች ቅሬታ ሠራች። ለጊዜው የተባለ ነገር እኛ ዘንድ ስንት ዓመት እንደሚቆይ ታውቃላችሁ።

መድኃኒቱን ያገኘሁት በዚያው ሳምንት ነው። በእኩል ምልክቱ ግራና ቀኝ ያሉትን ትእምርተ ጥቅስ ውስጥ ማስገባት፣ በቃ። ስሙ ባይኖር እንኳ ጥቅሱ ቦታውን ይዞ ይጠብቃል። ፋይሏን ግን አልነካኋትም። ከነካኋትማ ስህተት ታውቃለች ማለት ነዋ።

በኅዳር ሰብለ ፊቷ በርቶ መጣች። ከጎኗ ኮት የለበሱ አዛውንት አሉ፤ አባቷ አቶ ደጀኔ ናቸው። ሰባት ዓመት ያላናገሯትን ልጃቸውን ታርቀው፣ ስማቸውን ለልጅ ልጃቸው ሊሰጡ መታወቂያቸውን ይዘው ከፉሪ መምጣታቸው ነው። ስክሪኑን ወደሳቸው አዞርኩት። መነጽራቸውን አጠለቁ።

«ሜላት ዘለቀ» ብለው አነበቡ። ወደ ልጃቸው ዞሩ። «ዘለቀ ማነው?»

«እኔ አላውቅም፣ አባዬ።»

«የልጅሽን አባት አታውቂውም?»

ወረፋ የያዙት ወላጆች በሙሉ ሰሙ። ዳይሬክተሩ በሩ ላይ ቆመዋል። መናገር የነበረብኝ ያኔ ነበር። ዝም አልኩ። ሽማግሌው መታወቂያቸውን ኪሳቸው ከተው ወጡ፤ ሰብለም እያለቀሰች ተከተለቻቸው።

ታክሲ ተራው ላይ እየሮጥኩ ደረስኩባቸው።

«አባባ፣ ዘለቀ የኔ አባት ናቸው!»

ከእግሬ እስከ ራሴ አዩኝ። «ያንቺ አባት? በስንት ዓመቱ?»

«ኧረ አባባ! ከሞቱ አሥራ አንድ ዓመት ሆኗቸዋል!»

«ልጅቷ ስድስት ዓመቷ ነው» አሉ፣ በጣታቸው እየቆጠሩ። ተራ አስከባሪው እንኳ መጮሁን አቆመ።

ፋይሏ ባዶ አልቀበልም ስላለችኝ የጻፍኩት መሆኑን አስረድቼ፣ እንደምንም ለምኜ ሁለቱንም መለስኳቸው። ዳይሬክተሩ እየሰሙ «ጥፋቱ የኔ ነው» አልኩ። ጥቅሶቹን አስገብቼ ፋይሏን ከፈትኩ፤ የሜላትን ስም ጻፍኩ፤ የአባቷን ባዶ ተውኩ። መስኮቱ አልጠፋም። «ይሟላ» አለ።

አቶ ደጀኔ መነጽራቸውን አጥልቀው አዩት። «ባዶም መቀመጫ አለው ለካ» አሉና መታወቂያቸውን አወጡ።

ልጅቷ ዛሬ ሜላት ደጀኔ ናት። በደስታ ያለቀ ይመስላል አይደል? ያቺን የአቶ ደጀኔን ጥያቄ ግን ወረፋ ላይ ከነበሩት ወላጆች ጆሮ መልሼ ላወጣት አልችልም። ሌላ ቀን ጠዋት ሰብለን በሩ ላይ ጠብቄ ይቅርታ ጠየቅኳት።

«ያን ቀን አንዲት ቃል ብትተነፍሺ ምን ነበረበት?» አለችኝና ልጇን ይዛ ገባች።

ይቅር ትበለኝ አትበለኝ አልነገረችኝም። መልሷን እኔ አልሞላላትም። እናንተን ግን እለምናለሁ፤ ይቅር በሉኝ።